ይኼኛው የኔ ነው



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ሾፌር ባል ያላት ሴት፣ ሾፌር ልጅ ያላት እናት፣ ራሱም መሪ የጨበጠ ወንድም ይህችን ወረቀት ያውቃታል። ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ዳር አስቁሞ፣ ጽፎና ቀዶ የሚሰጣት የቅጣት ወረቀት ናት። በብዙዎቻችን ቤት ይህች ወረቀት ማረፊያ የላትም። ወይ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለች ትታጠባለች፣ ወይ መኪናው ውስጥ እንደተሸጎጠች ትረሳለች። በእኛ ቤት እንዴት እንደተረሳች፣ ምን እንዳስከፈለችንና ምን እንዳስተማረችን ልንገራችሁ።

የምንኖረው ጭሮ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ ስሙ ሁለት፣ ከተማዋ አንድ ናት። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል። ባለቤቴ በዚያ ዘመን የሰው ሚኒባስ እያሽከረከረ አንድ ቀን ወደ ሚኤሶ ይወርድ፣ አንድ ቀን ወደ ሂርና ይሄድ ነበር። ለባለንብረቱ በየዕለቱ የተወሰነ ገቢ ያስገባል። ከዚያ የተረፈው ነው የልጆቻችን ጉሮሮ መዝጊያ። ስለዚህ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ በአንዱ ወንበር ላይ ሁለት ሲያስቀምጥ ባለቤቴ ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ማታ ብሩን ስቆጥር «የዛሬው ለምን በዛ?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

በ2005 ዓ.ም. ትርፍ ሰው ጭኖ ተያዘ። እየተነጫነጨ ሄዶ ከፈለና ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮት ተኛ። እኔ ወረቀት መጣል አልወድም። የልጆቹን የክትባት ካርድና የኒካሕ ወረቀታችንን በማኖርበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

በዓመቱ በ2006 ዓ.ም. ከጭሮ ውጭ በአንዲት ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ በትርፍ ተያዘና መንጃ ፈቃዱ ተወሰደበት። ያን ጊዜ አንድ ጉዳይ ገዳይ መጣ። ጉዳይ ገዳይ ታውቃላችሁ፤ የሥራ ቦታው በረንዳ፣ የሥራ መሣሪያው ስልክ የሆነ ሰው ነው። «ምን አስለፋህ! የቅጣቱን ግማሽ ስጠኝና ነገ መንጃ ፈቃድህን ውሰድ» አለው። ባለቤቴ ሰጠው። በማግስቱ እውነትም መንጃ ፈቃዱ መጣ። ደረሰኝ ግን አልመጣም። ሰውዬው ከየት፣ በማን በኩል እንዳወጣው አልጠየቅንም። ነገሩ ጉቦ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል። በዲናችን ሰጪውም ተቀባዩም እንደሚጠየቁበት ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ግን ያን ዕለት «ቀለለልን» ተባብለን ሻያችንን ጠጣን።

የቀለለ ነገር አልነበረም። እዳው ሄዶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ እንጂ።

በ2007 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴ ከሂርና ወደ ጭሮ ሲመለስ፣ ቁልቁለት ላይ አህያ የሚነዳ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ መንገድ ሊያቋርጥ ገባ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። መኪናው ግን ትርፍ ሰውና ጆንያ ጭኗልና ቶሎ አልቆመም። ልጁ እግሩ ተሰበረ። ባለቤቴ ራሱ አቅፎ ሆስፒታል አደረሰውና ከዚያው ለፖሊስ እጁን ሰጠ። በዋስ ወጥቶ ቤት ሲገባ የልጁ ደም ሸሚዙ ላይ ደርቆ ነበር። እኔ ሸሚዙን አጥባለሁ፣ እሱ ግድግዳውን ያያል። ያን ሌሊት አንድም ቃል አልተናገርንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ እኔም ያን ጊዜ አላውቀውም ነበርና። የሾፌር ጥፋት ሁለት መንገድ አለው። ትርፍ መጫን፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ማለፍ፣ ክልክል ቦታ መቆምና የመሳሰለው በደንብ የሚቀጣ ጥፋት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 208 ለእነዚህ ጥፋቶች በየደረጃቸው ቅጣት ደነገገ፤ ከገንዘቡም ሌላ በሾፌሩ ስም የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ አደረገ። ነጥቡ እየተጠራቀመ ሲሄድ መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ያደርሳል። ይህ ደንብ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቶ ቅጣቱ ከፍ ብሏል። ሰው ሲጎዳ ግን ነገሩ ከደንብ ያልፍና የወንጀል ክስ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ይቀጣል። ጥፋተኛው በሙያው ሊጠነቀቅ የሚገባው ሰው ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሾፌር እንዲህ ያለው ሰው ነው።

እነዚህ ሁለት መንገዶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሾፌሩ ፍርድ ቤት ሲቆም «ከዚህ በፊትስ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን የሚሰጡት ትናንት ኪስ ውስጥ የተረሱት ትንንሽ ወረቀቶች ናቸው።

የባለቤቴም ታሪክ ተጠየቀና መልስ በደብዳቤ መጣ። «በዚህ ስም ሦስት ጥፋቶች ተመዝግበዋል» ይላል። ተከፍሏል ወይም አልተከፈለም አይልም። እኛ የምናውቀው ሁለት ነው። ሦስተኛው ከየት መጣ? ባለቤቴ ደብዳቤውን ይዞ እጁ ተንቀጠቀጠ። «ቀድሞውንም ጥፋተኛ ነኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ» አለ። እኔ ቆርቆሮዬን አነሳሁና «ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት።

ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ቢሮ ሄድን። መዝገቡን የያዘው ወጣት ሰው አክባሪ ነበር፤ ወንበር ሰጠንና የሦስቱንም ቅጣት ቅጂ አውጥቶ ደረደረልን። ከዚህ ቀጥሎ የተባባልነው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

የባለቤቴን ስም አልነግራችሁም። በሐረርጌ ገበያ መሐል አንድ ጊዜ ቢጠሩት ሃያ ሰው ዞር የሚልበት ስም ነው። የአባቱም እንደዚያው፣ የአያቱም እንደዚያው ነው። የእኛ ሰው ልጁን በነቢያትና በሶሓቦች ስም መጥራት ይወዳል። ለልጁ በረካ ነው፤ ለመዝገብ ያዥ ግን ራስ ምታት ነው። ሦስተኛውን ቅጂ ስናይ ጥፋቱ ፍጥነት ነው፤ መኪናው የጭነት ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ነድቶ አያውቅም። የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር ከባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ይለያያሉ። እስከ አያቱ ድረስ ሞክሼ የሆነ ሌላ ሾፌር ነበር።

ወጣቱ «ወንድሜ፣ ይኼ የእርስዎ አይደለም። ስም ብቻ አይተን ጽፈን ነው» ብሎ እርማት ያዘ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያነሳ እኔ ከቆርቆሮዬ ደረሰኙን አወጣሁ። ቁጥሩ ገጠመ። «ይኼ የተከፈለ ነው» አለና በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት።

ቀረ ሁለተኛው። ያ ጉዳይ ገዳዩ «ጨረስኩልህ» ያለን ማለት ነው። ክፍያ የሚል ነገር የለበትም። ነገር ግን ካርቦኑ በደንብ አልያዘም ኖሮ፣ ስሙ ይነበባል እንጂ የመንጃ ፈቃዱ ቁጥርና ታርጋው ደብዝዘዋል። ወጣቱ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ አዟዟረው። በመጨረሻ «ይኼም እንደ ሦስተኛው የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ውድ አንባብያን፣ በዚያች ደቂቃ በልቤ ያለፈውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። «አይደለም በል» አልኩ በልቤ። አራት ልጆች አሉን። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነን። አንድ ጥፋት ያለበት ሾፌርና ያንኑ ጥፋት ሁለት ጊዜ የደገመ ሾፌር በዳኛ ፊት እኩል አይደሉም። ለዚያ ወረቀት ደግሞ ገንዘብ ሰጥተንበታል፤ እኛም ተታለናል። ማንስ ያውቃል? ክርኑን ነካ አደረግሁት። የነካሁት ለምን እንደሆነ ገብቶታል።

ባለቤቴ ወረቀቱን ትንሽ አየውና «አይ፣ ይኼኛው የኔ ነው» አለ። «ለሰው ገንዘብ ሰጥቼ ነበር፣ መንግሥት ዘንድ ግን አልደረሰም። ልክፈልና ደረሰኝ ስጡኝ።»

በጊዜው ባለመከፈሉ ከተጨመረበት ጋር ከፈለ። ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መክፈላችን ነው፤ አንዴ ለሐራም፣ አንዴ ለሕግ። ወደ ቤት ስንመለስ ተናድጄ ግማሽ መንገድ አላናገርኩትም። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ «ያን ወረቀት የሌላ ነው ብል፣ ነገ ያ ሞክሼዬ እንደ እኔ ፍርድ ቤት ቢቆም የኔ ጥፋት በእሱ ላይ ይነበባል» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም። አሁንም የለኝም።

የልጁን ቤተሰብ በተመለከተ አማቴ ሽማግሌዎችን ይዘው ሄዱ። በእኛ አገር ጃርሱማ ይባላል። የልጁ አባት ተቀበሉን፣ አላህ ይስጣቸው። አማቴ ግን ቀድመው «ልጄ፣ እርቅ ክስን አይዘጋም። እርቁ ለልብ ነው፣ ክሱ ለአገር ነው» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ሕጉ እርቅን ጨርሶ አይንቅም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀሉት ምክንያቶች መካከል የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ ከልብ መጸጸትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ ተጎጂውን መርዳትንና መካስን ይቆጥራል። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲህ ላለው ቀን ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህ መድን የሌለው መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ የከለከለው ያለ ነገር አይደለም።

ፍርዱ በወረዳው ፍርድ ቤት ተሰጠ። ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛው ልጁን ራሱ ሆስፒታል ማድረሱንና ማመኑን አነበቡ፤ ትርፍ በመጫን ሁለት ጊዜ መቀጣቱንም አነበቡ። እስራቱ በገደብ ሆነ፣ መቀጮ ከፈለ፣ ለተወሰኑ ወራትም ከመንዳት ታገደ። በእነዚያ ወራት እኔ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ቤቱን ያዝኩ። ዳኛው «ይኼኛው የኔ ነው» ስላላት ቃል አንዳች አላሉም፤ ሊያውቁትም አይችሉም። እኛ ግን እናውቃለን።

በዚያ ሰሞን አሜሪካ ሚኒሶታ ታክሲ የሚነዳ ወንድሜ ደውሎ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «እኛም ዘንድ ያው ነው» አለኝ። እዚያ ፍርድ ቤቱ በካውንቲ የተከፋፈለ ነው፤ እሱ ያለበት ሄነፒን ይባላል። የቅጣት ወረቀቱን ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ካስገቡ ጉዳያቸውን ማየትና መክፈል ይችላሉ። «ግን ከከፈልሽ ጥፋቴን አምኛለሁ ማለት ነው። ካላመንሽ ሳትከፍይ ቀነ ቀጠሮ መጠየቅ አለብሽ» አለኝ። ሞክሼም እዚያ አለ። ከስደተኛ ካምፕ የሄደ ብዙ ሰው የልደት ቀኑ ስላልታወቀ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተጽፎለታል። ስሙም ልደቱም አንድ የሆነ ሰው ታዲያ የሌላውን ጥፋት ይዞ ሲንከራተት ይገኛል። ኮምፒዩተር ቢኖርም ባይኖርም፣ የሚለየው ቁጥር ነው።

እንግዲህ ከደረሰብን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ወረቀቷን ከትራፊኩ ስትቀበሉ እዚያው አንብቧት። ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ታርጋ፣ ቀን፣ ቦታ፣ የጥፋቱ ዓይነት በትክክል ተጽፏል ወይ? ስህተት ካለ ያን ጊዜ በትሕትና መናገር ይቀላል፤ ከዓመት በኋላ ግን ማን ይመሰክራል? የት እንደሚከፈልና እስከ መቼ እንደሚከፈል ጠይቁ። ዝርዝር አሠራሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጎረቤት ወሬ አትመኑ።

ጥፋቱን የማታምኑ ከሆነ ዝም ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። በጊዜው፣ በጽሑፍ፣ ለሚመለከተው አመልክቱና የማመልከቻውን ቅጂ ያዙ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ለደንብ መተላለፍ የተለየ አጭር መንገድ አብጅቶ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያምን ወይም ቀርቦ እንዲከራከር ምርጫ ሰጥቶት ነበር። ሦስተኛ ምርጫ፣ ማለትም ኪስ ውስጥ መርሳት፣ በየትኛውም ሕግ የለም። ፍርድ ቤት ከፈረደባችሁም ይግባኝ ማለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጻፈ መብት ነው።

ክፍያውን በመስኮቱ ብቻ ክፈሉ። ደረሰኙን ከቅጣት ወረቀቱ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ። ለጉዳይ ገዳይ የተሰጠ ብር ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ደግሞ አልተከፈለም።

መዝገብ ስታስፈልጉ በስም ብቻ አትፈልጉ። በመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ በታርጋ፣ በቀን ፈልጉ። የፍርድ ቤት ጉዳይ ከሆነ የመዝገብ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምራችሁ ጻፉ፤ መዝገብ ቤት ቁጥሩን ከያዛችሁ በደቂቃ፣ ስም ብቻ ከያዛችሁ በሳምንት ነው የምትስተናገዱት። የውሳኔውን ግልባጭ ስትወስዱ ማኅተሙን እዩ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ የድሮ ወረቀት ላይ ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ተብላ ነው የተጻፈችው፤ በጭሮ ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁ በዚያኛው ሞክሩ። ሁለተኛ፣ የዛሬው የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። በቁቤ ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ የስማችሁን አናባቢ ይደርባል፣ ሌላው ይነጥላል፤ ስለዚህ አንድ ስም ሦስት ቦታ ሊገኝ ይችላል። ቋንቋውን የማይችል ከሌላ አገር የመጣ ሾፌር ቢከሰስ፣ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያው አንቀጽ 20 ይፈቅድለታል። አፍሮ ዝም አይበል።

እኅቶቼ፣ ይህ የወንድ ጉዳይ ነው አትበሉ። በብዙ ቤት ቆርቆሮው ያለው በእኛ እጅ ነው። ማታ ብሩን የምንቆጥረውም እኛ ነን። ብሩ ከወትሮው ሲበዛ «ትርፍ ጫንክ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ የሚስት ወግ ነው። ያቺ የ2005 ዓ.ም. ወረቀት ቅጣት ብቻ አልነበረችም፤ ምክር ነበረች። እኔ ምክሩን አጥፌ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

ዛሬ ባለቤቴ ተመልሶ ይነዳል። «አንድ ሰው ብቻ» የሚል ረዳት አይቀጥርም። ገቢያችን አንሷል፤ እንቅልፋችን ግን ደህና ነው። ያ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። በገበያ ቀን አህያውን እየነዳ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ወረቀቱ ሁሉ ተስተካክሏል፤ እሱን የሚያስተካክል ደረሰኝ ግን የለም። ስለዚህ መሪ ለያዛችሁ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ የሌላውን ጥፋት አትሸከሙ፣ የራሳችሁን አትካዱ፣ ከሁሉ በፊት ግን ትርፉን አውርዱ።

አላህ መንገደኛውንም እግረኛውንም በሰላም ያግባ። ወሰላሙ ዐለይኩም።